የማይጎድለው ዋንጫ

ሌህ፣ መስከረም 10

ለወንድሜ ለሞሩፕ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጀምርም። እንዴት እንደከረምክማ አውቃለሁ። ኪኒኖችህ የመስኮቴ ደፍ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ማለዳ ስነሣ እነሱ ያዩኛል፣ እኔም አያቸዋለሁ።

ተቆጥተሽብኝ ይሆን ወይ ብለህ ጽፈሃል። አልተቆጣሁም። ሰው የሚቆጣው ያልጠበቀው ሲደርስበት ነው። ሳይሰናበቱ መውጣት ያንተ ጠባይ መሆኑን ካወቅኩ ስንት ዘመኔ! ለሥዕልህ ቀለም መጣህ፣ ቀለምህን ገዛህ፣ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለህ ተራራውን ወደ ዛንስካር ተሻገርክ። ዓይንህን ግን ማን ያሻግርልህ?

ዋንጫህን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥክ መስሎህ አየር ላይ ለቀኸው ምንጣፌ ላይ ሲደፋ ባላይ ኖሮ ሐኪም ቤትም ባልወሰድኩህ ነበር። ደግሞ "ጠረጴዛሽ ተንቀሳቀሰ" አልከኝ። ጠረጴዛዬ! ባሌ ከሞተ ጀምሮ ከቦታው ንቅንቅ ያላለው ጠረጴዛ!

ያቺ ወጣት ዶክተር ክንድህ ላይ ጨርቁን ጠምጥማ የደም ግፊትህን ስትለካ ፊቷ ሲለወጥ አይቻለሁ። በሌላኛው ክንድህ ደገመችው። ከዚያ በትንሿ መብራቷ ዓይንህ ውስጥ አየችና ወረቀት አንሥታ ሣለችልህ። ቀዩ የደም ሥር ሰማያዊውን በሚሻገርበት ቦታ ላይ ተጭኖ ሊቆርጠው ደርሷል፤ እዚህም እዚያም ደም ጠብ ጠብ ብሏል። የሰው የደም ሥር ቆዳ ሳይቀደድ የሚታየው ዓይን ውስጥ ብቻ ነው፣ እዚያ እንዲህ ከሆነ ልብና ኩላሊት ዘንድ ያለውም ከዚህ አይሻልም አለች። አንተ ምን አልክ? ወደ እኔ ዞረህ በእኛ ቋንቋ፣ "መስመሯ ያምራል፣ እጇ አይንቀጠቀጥም።" ልጅቱ ዓይንህ እየጠፋ ነው ትልሃለች፣ አንተ መስመሯን ታደንቃለህ! መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

በጆሮህ ካልገባ በዓይንህ ይግባልህ፤ ዓይን ሳለህ። የመንደሩ የውሃ ዳኛ ነበርክ አይደል? ከበረዶው የሚወርደው ውሃ ሲበዛ ቦዩን ምን እንደሚያደርገው ታውቃለህ። መጀመሪያ ግድግዳውን ይልጠዋል። የተላጠው ላይ ደለል ይለጠፍበታል፣ ቦዩ ይጠባል፤ ሲጠብ ውሃው የባሰ ይገፋል። አንድ ቀን በደካማው በኩል ይበረግድና የአንዱ እርሻ ይጥለቀለቃል፣ የሌላው ይደርቃል። ያንተም የደም ሥር ይኸው ነው። ጭንቅላትህ ውስጥ ከበረገደ ሽባ ያደርግሃል፤ ዓይንህ ውስጥ ከበረገደ ያሳውርሃል። ቦይ ደግሞ ከመበርገዱ በፊት ጮሆ አይጠራህም። "ራሴን አላመመኝምና ደህና ነኝ" የምትለው ወሬ እዚህ ላይ ያብቃ።

ኪኒኑን ይህን ደብዳቤ በሚያመጣው ሾፌር ልኬያለሁ። በየቀኑ፣ ጠዋት ጠዋት፣ አንድ። ቢያምህም ባያምህም። ጨውም ቀንስ።

ባለፈው ፊደሌ ኮረብታ ላይ የተበተነ ፍየል ይመስላል ብለኸኝ ነበር። አንተ ልጅ ሳለህ ገዳም ገብተህ ፊደልም ሥዕልም ተማርክ፣ ሲሰለችህ ወጥተህ አገባህ። እኔ ዕድሜዬን ኩበት ስለቅም ኖሬ፣ ከመበለትነት በኋላ የልጅ ልጄ እኩያ የሆነች አስተማሪ ፊት ቁጭ ብዬ ተማርኩ። ፍየሎቼ ይበተኑ። መልእክቱን ያደርሳሉ።

እህትህ ኩንዜስ

·

ዛንስካር፣ ጥቅምት 2

ለታላቅ እህቴ ለአቼ ኩንዜስ፣

ጁሌ! የላክሽው ሁሉ ደርሶኛል፤ የደረቀው ኮክም፣ ኪኒኑም። ሾፌሩ ስድብሽንም ሳያጎድል አድርሷል። "ደብዳቤውን ስትሰጠኝ እኔንም ተቆጣችኝ" ብሎኛል። ሳልሰናበትሽ መሄዴን ይቅር በይኝ። ብሰናበትሽ አትለቂኝም ነበር፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ኪኒኑን እወስዳለሁ። ራሴን ባመመኝ ቀን እወስዳለሁ። ደህና በሆንኩበት ቀን መድኃኒት ማባከን ነውር መሰለኝ። ጎረቤታችን አንግቹክም ራሱን ሲያመው ሰጠሁት፤ እሱ ደግሞ ሽማግሌ አባቱን አስታወሰኝ፣ ለእሳቸውም ሰጠሁ። መንደሩ ሁሉ ይመርቅሻል።

ስለ ጨው ግን አቼ፣ እንነጋገር። አባታችን ከሐይቁ ጨው በበግ ጀርባ እያመጣ ነው ያሳደገን። የዚህ ቤት ስም እስከ ዛሬ "የጨው ቤት" ነው። እዚህ ቤት ያለ ጨው ሻይ ቢቀዳ ግድግዳው ራሱ ያፍራል። ደግሞም አንቺ መድኃኒቱን ልትቀበይ ስትወጪ ያቺ ዶክተር ራሷ ጠይቃኛለች፤ "በቀን ስንት ዋንጫ ሻይ ይጠጣሉ?" እውነቱን ነገርኳት። አንድ። አንድ ዋንጫ ሻይ ሰው ይገድላል?

ለምን ወደ ሌህ አትመለስም ካልሽ፣ መልሱ ግድግዳው ነው። ያ ያልታሰበ ዝናብ የቤተ መቅደሳችንን የሰሜኑን ግድግዳ ንዶት አልነበር? አዲሱ ተለስኖ አልቋል፤ ዕድሜ ሰጪዋን አምላክ፣ ነጭ ዶልማን፣ እየሣልኩበት ነው። እናታችን ታማ ሳለች ዕድሜ ልትለምኝላት መብራት ያበራሽላትን። አካሏ አልቋል፤ የቀሯት የልብሷ ወርቅና ዓይኖቿ ናቸው፤ ፊቷ ላይ ሦስት፣ በመዳፎቿና በውስጥ እግሮቿ አራት። ዓይን የሚሣለው መጨረሻ ላይ፣ መነኩሴያችን ላማው በመረጡት ቀን ነው፤ እሳቸው ደግሞ የየካቲትን ሙሉ ጨረቃ መርጠዋል። ዓይኗ እስኪከፈት ድረስ ያው ግድግዳ ናት። በዚህ አውራጃ ከእኔ ሌላ ሠዓሊ የለም። እስከዚያ ዓይኔ ይቆየኝ፤ ከዚያ ወዲያ ወደፈለግሽበት ውሰጂኝ።

ታናሽሽ ሞሩፕ

·

ሌህ፣ ጥቅምት 20

አንተ ሞሩፕ፣

ሰላምታውን ራስህ ሙላበት፤ እኔ አሁን አልችልም።

መጀመሪያ ኪኒኑ። የደም ግፊት ኪኒን የሠርግ ከረሜላ ነው እንዴ በየቤቱ የሚታደለው? አንግቹክ ራሱን የሚያመው ጠላ ጠጥቶ መሆኑን ሀገር ያውቃል። ለሽማግሌ አባቱ ደግሞ ሐኪም ሳያያቸው! ደማቸው ድንገት ወርዶ ከደረጃው ቢወድቁ እርግማኑ ለማን ሊሆን ነው? እንደገና ልኬልሃለሁ። ላንተ ነው። ለመንደሩ አይደለም።

ቀጥሎ ዋንጫው። ደብዳቤህን ይዤ ዶክተሯ ዘንድ ሄድኩ።

"እናቴ፣ ወንድምዎ በቀን አንድ ዋንጫ ሻይ ብቻ እንደሚጠጡ ነግረውኛል" አለችኝ። "ስለዚህ ጥፋቱ የጨው አይመስለኝም። የኩላሊታቸው የደም ሥር ጠቦ ይሆናል። በአውሮፕላን ወደ ዴልሂ ልከን እናስመርምራቸው።"

"ስንት ዋንጫ አልሽኝ?"

"አንድ።"

"ልጄ፣ አንቺ የየት ሀገር ሰው ነሽ?"

"ከደቡብ ነኝ፣ ከባሕሩ ዳር።"

"ታዲያ በምን ታውቂዋለሽ። እኛ ዘንድ ዋንጫ አይጎድልም። ፉት ስትይ ይሞላል፣ ፉት ስትይ ይሞላል። ባዶ ዋንጫ እንግዳ ፊት ያስቀመጠች ሴት መንደር ውስጥ ቀና ብላ አትሄድም። የወንድሜ ዋንጫ ጠዋት ተቀድቶ የሚያበቃው ሲተኛ ነው። እሱ ሲቆጥረው ግን አንድ ነው።"

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠችና ሳቋን ተወች። "ዋንጫው ምን ያህላል?" አለችኝ። የአባታችን ዋንጫ እንደሆነ ነገርኳት፤ በግ አንገቱን አስገብቶ የሚጠጣበት።

በአውሮፕላን ሊጭኑህ ነበር፣ ገባህ? ኩላሊትህን ሊፈልጉ!

አልዋሸህም፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ብትዋሽ ይሻለኝ ነበር። ዋሾ ሰው ቢያንስ እውነቱን ያውቃል።

አሁን ደግሞ አባታችንን ለምን አነሣሽው ትለኛለህ፤ አነሣዋለሁ። በረቱ ደጃፍ ላይ ጨው ሲያራግፍ ወደቀ። አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፣ ቀኝ እጁ ሞተ። የተራራው መንፈስ መታው አሉ። አንተ ገዳምህ ተቀምጠህ ጸሎት ደገምክለት፤ እኔ አፉን ስጠርግና ሳገላብጠው ክረምቱን ጨረስኩ። መንፈስ አልነበረም፣ ሞሩፕ። ቦዩ ነው የበረገደው። ዋንጫውን ወርሰሃል፤ ሌላውን እንኳ አትውረስ።

ለምራትህ ለዲስኪት ንገራት። ጠዋት አንዴ ትቅዳልህ። ሲጎድል ይጉደል፣ ሲያልቅ ይለቅ፣ ባዶውን ይቀመጥ። ዓይንህ እስከ የካቲት እንዲቆይልህ ከፈለግክ መንገዱ ይኸው ብቻ ነው።

ኩንዜስ

·

ዛንስካር፣ ኅዳር 5

ለአቼ ኩንዜስ፣

ጁሌ። በረዶው ተራራውን ዛሬ ነገ ይዘጋዋል፤ ይህን ይዞ የሚወርደው የመጨረሻው መኪና ነውና አሳጥራለሁ።

ያልሽውን ሞክሬያለሁ። ዲስኪት ፔርሙዙን ይዛ ስትመጣ ዋንጫዬን በመዳፌ ከደንኩት።

"አባ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋሽም። የአቼ ትእዛዝ ነው።"

"የሻዩ ቅቤ ሸተተ?"

"አልሸተተም።"

"ታዲያ ለምን አይጠጡልኝም?"

አንግቹክና ሚስቱ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ሚስቱን ታውቂያታለሽ። "ምነው፣ ዘንድሮ የጨው ቤት ጨው አለቀበት?" አለች። ዲስኪት ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ይኸው አሁን መንደሩ ምራቲቱ አማቷን በባዶ ዋንጫ ታስቀምጣለች እያለ ነው። ባሏ፣ ልጄ፣ ወታደር ቤት ነው፤ ከእኔ ሌላ የሚከላከልላት የለም። እንዴት አድርጌ ባዶ ዋንጫ ፊቷ ላስቀምጥ? እጄን አነሣሁ። ሞላችው። ሳቀችልኝ።

ያለ ጨውም ሞክሬዋለሁ። አቼ፣ እሱ ሻይ አይደለም፣ እንስራ የታጠበበት ውሃ ነው። በሶውም አብሮት ይሞታል።

ዓይኔ ደህና ነው። ስለ ዓይኔ ደጋግመሽ አትጠይቂኝ። ሥራው በጥሩ ይዞታ ላይ ነው፤ የልብሷን ወርቅ ጨርሻለሁ።

አንቺስ? ያቺ ዶክተር ያንቺንም ክንድ ለክታለች? በመጀመሪያው ደብዳቤዬም ጠይቄሽ ነበር፤ አንድም ቃል አልመለስሽልኝም።

ሞሩፕ

·

ሌህ፣ ጥር 18

ሞሩፕ፣

ወንዙ ረግቶ መንገድ ሆኗል፤ ቅቤ ሊሸጥ በበረዶው ላይ የመጣው አንግቹክ ደጄ ላይ ቆመ።

"ወንድምሽ ደህና ነው" አለኝ።

"ደህና ማለት ምን ማለት ነው?"

"ደህና ነዋ። ግራ ዓይኑ ብቻ ነው የጨለመው።"

ብቻ!

"መቼ?" አልኩት።

"የመጨረሻው መኪና ከመሄዱ በፊት ነው መሰለኝ። አንድ ጠዋት ሲነሣ ቀይ መጋረጃ ወረደብኝ አለ። አልነገረሽም እንዴ?"

አልነገረኝም። "ዓይኔ ደህና ነው፣ ደጋግመሽ አትጠይቂኝ" አለኝ እንጂ። ብትዋሽ ይሻለኝ ነበር ብዬ ጽፌልህ ነበር። ይኸው ዋሸህ፤ አልተሻለኝም።

ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ያን ደብዳቤህን ሳይ ማወቅ ነበረብኝ። መስመሮችህ ወደ ታች ተንሸራተዋል፣ ሁለቱ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥተዋል። አሁን የማን ፍየሎች ናቸው የተበተኑት? መስመሩን እየዳበሰ የሚጽፍ ሰው ጽሑፍ ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ነው የጀመርኩት። አንተ እንደዚያ ስትጨርስ ማየት አልፈልግም።

ዶክተሯን ጠይቄያታለሁ። ያ ዓይን አይመለስም። ግፊቱ ካልወረደ ሁለተኛውም ይከተለዋል። ኪኒኑን በየቀኑ ከዋጥክና ጨዉን ከተውክ ግን ሊቆይልህ ይችላል። ሊቆይ ይችላል ነው ያለችው፣ ይቆያል አላለችም። የዶልማን ዓይን ለመክፈት የቀረህ ያ አንዱ ብቻ ነው። ከዚህ በላይ እንዴት አድርጌ ልጻፍልህ?

የእኔን ጠይቀሃል። ተለክቻለሁ። የእኔም ከፍ ያለ ነው፤ ያው የአንድ አባት ልጆች ነን። ያልነገርኩህ "ቀድመሽ ራስሽን አስታሚ" እንዳትለኝ ነው። ሻዬን ያለ ጨው እጠጣለሁ፣ ልክ ነህ፣ እንስራ የታጠበበት ውሃ ነው፣ እጠጣዋለሁ። ጠዋት ፀሐይ መስኮቴን ስትነካ ኪኒኔን አፌ ውስጥ አደርግና "ሞሩፕ፣ ዋጥ!" እላለሁ። የልጄ ሚስት ጃጀች ብላ ታማኛለች።

ከዚህ በታች ያለውን ቤቱ ሰው በሞላበት ሰዓት ጮክ ብለህ ለዲስኪት አንብብላት።

ዲስኪት ልጄ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። አማትሽ ሰው ፊት እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ነው፤ ከልጅነቱ እንዲሁ ነው። ስለዚህ የዚያ ቤት ታላቅ እኔ ነኝና እኔ አዝዣለሁ። ዋንጫው ሲጎድል አትሙዪ። ማንም ቢጠይቅሽ "ያቺ ክፉ ኩንዜስ ናት ያዘዘችው" በይ። ሻይ ከለከለችው ካሉ ኩንዜስ ናት የከለከለችው። ስሜ በዚያ መንደር ድሮም ክፉ ነው፤ አንዴ እንኳ ለጥሩ ነገር ይዋል።

ኪኒኑን ለአንግቹክ ሰጥቼዋለሁ። ከፍቶ አንዷን ቢነካ ወንዙ ውስጥ እንደምከተው ነግሬዋለሁ።

ኩንዜስ

·

ዛንስካር፣ የካቲት 21

ለአቼ ኩንዜስ፣

ጁሌ። በረዶው እየሳሳ ነው፤ የመጨረሻዎቹ መንገደኞች ነገ ይወርዳሉ። ስለዋሸሁሽ ይቅር በይኝ። መስመሬ ከተንሻፈፈ ግን እሱን ይቅር አትበይ፤ ሳቂበት፣ ይገባሻል።

ደብዳቤሽን እንዳዘዝሽው ጮክ ብዬ አነበብኩት። "ያቺ ክፉ ኩንዜስ" የሚለው ላይ ስደርስ ቤቱ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የተቃወመ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። ዲስኪት ወረቀቱን ተቀብላኝ ከምድጃው በላይ ለጠፈችው። አሁን ዋንጫዬን አይቶ አፉን ለሚከፍት ሁሉ በጣቷ ታሳየዋለች። የአንግቹክ ሚስት "ኩንዜስ ሌህ ተቀምጣ እዚህ ታዝዛለች እንዴ?" ብትላት፣ "አዎ፤ ካልተስማማዎት ይጻፉላት" አለቻት። ሴትዮዋ ፊደል አታውቅም። ሻይዋን አንሥታ ጠጣች።

ዋንጫው ባዶ የሆነ ዕለት ዲስኪት በአመድ ፈትጋ ሰጠችኝ። የዋንጫውን ወለል አየሁት። አባታችን ከሞተ ጀምሮ በእጄ ነው፤ ወለሉ ላይ አበባ መቀረጹን አላውቅም ነበር። ረጅም ጊዜ አየሁት።

አሁን ስለ ዓይኖቿ። ላማው ጸሎቱን ሲጀምሩ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። አቼ፣ በአንድ ዓይን ርቀት አይታወቅም። ብሩሹ ግድግዳውን የነካ ሲመስለኝ አየር ላይ ይቀራል፤ ያንቺ ጠረጴዛ ትዝ አለኝ። ያን ዕለት አልተንቀሳቀሰም ነበር፣ አምኛለሁ። በመጨረሻ ትንሿን ጣቴን ግድግዳው ላይ አሳርፌ በጣቴ እየለካሁ ሣልኩ። የፊቷ ሦስቱ አማሩ። የእግሮቿና የግራ መዳፏም አማሩ። ጉልበቷ ላይ የተዘረጋው የቀኝ መዳፏ ዓይን ግን አመለጠኝ። ትንሽ ወደ ታች ወረደ፣ ትንሽ ጠበበ። ስወርድ አየሁት። ሽማግሌዎቹ ሻይ ይዘው ወደሚቀመጡበት ጥግ ቁልቁል ያፈጣል። ቅንድብ የለውም፣ ግን የተኮሳተረ ይመስላል።

  ያበላሸሁት መስሎኝ ብሩሼን ይዤ ወደ መሰላሉ ተመለስኩ።

"ይቺማ አክስት ኩንዜስ ናት" አለች ዲስኪት።

መጀመሪያ የሳቁት ላማው ናቸው። ከዚያ ቤተ መቅደሱ በሙሉ። "ላስተካክለው?" ብላቸው፣ "ዓይን ከተከፈተ በኋላ አይነካም" አሉኝ፤ ሳቃቸውን እየዋጡ። ሻይ ሲዞር ሽማግሌዎቹ አንዴ ዋንጫቸውን፣ አንዴ መዳፏን ያዩ ነበር። የአንግቹክ አባት ዋንጫቸውን በእጃቸው ከደኑ። አንግቹክ ራሱ ቦታ ቀይሮ ከምሰሶው ጀርባ ተቀመጠ።

በየመንደሩ የሚዞረው የጤና ሠራተኛ ትናንት ግፊቴን ለክቶ ነበር። ወርዷል። ገና ብዙ ይቀረዋል፣ ግን ወርዷል አለኝ። ቀኝ ዓይኔ ይህን ደብዳቤ እያየ ነው። ኪኒኑን ፀሐይ መስኮቱን ስትነካ እውጣለሁ፤ ካንቺ ጋር እኩል ላይሆን ይችላል፣ እዚህ ተራራው ፀሐይዋን ያዘገያታል።

ታናሽሽ ሞሩፕ

·

ሌህ፣ ሰኔ 2

ሞሩፕ፣

ተራራው ተከፍቷል። ይህን የሚያመጣልህ ሾፌር በሚቀጥለው ጉዞው እኔን ያመጣኛል፤ ፊት ለፊት እንድቀመጥ ነግሬዋለሁ፣ ጭነት ላይ አልወጣም።

ሌህ እስክገባ ድረስ ኩበት ተሸክሜ በዚያ መንደር ስመላለስ ቀና ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም፤ አሁን ግድግዳ ላይ ሆኜ እኔ እንዳያቸው አደረግከኝ። መሳቂያ አድርገኸኛል። ለአንግቹክ ንገረው፤ ከምሰሶው ጀርባ ያለውንም አያለሁ።

የፀሐይዋን ምክንያት አልቀበልም። ስመጣ ጎን ለጎን እንውጣለን፤ ማን እንዳዘገየ ያኔ እናያለን። ለዲስኪት ሻይ አፍልታ እንድትጠብቀኝ ንገራት፤ አንዴ ትቅዳልኝ፣ ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይነካው።

ስለ አበባው፤ አምስት ቅጠል አለው፣ አንዱ ጫፉ የተሸረፈ ነው። ያን ዋንጫ ማን ያጥበው ነበር መሰለህ?

ኩንዜስ